ጥያቄና መልስ፦ የአራት ኪሎ ቀይ አፈር ብረት ይወጣዋል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ ብረት ነው። ምክንያቱን እንጃ። የፌሮ ዋጋ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ መሀል ከተማው ሁሉ ስለተቆፈረ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አፈር ማየት ጀምሮ ይሆናል። ስለ ቧንቧ፣ ስለ ሻጋታና ስለ ፍሪጅ የጠየቃችሁኝ ትንሽ ታገሡኝ። ዛሬ ውሏችን ብረት ነው።

«ሰላም ጋሼ። ከቤታችን ጎን ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ደም የመሰለ ቀይ አፈር ወጣ። ቀይ የሆነው ብረት ስላለው ነው ይላሉ። አንድ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሰውዬው ጫካ ውስጥ ከጭቃ ምድጃ ሠርቶ በከሰል ብቻ ብረት ሲያወጣ አየሁ። ታዲያ እኛስ? ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ከሰል ልንገዛ ነው። ያ ብላስት ፈርነስ የሚሉት ግዙፍ የፋብሪካ ምድጃ ሳይኖር ብረት ማውጣት ይቻላል? የእኛ አፈርስ ይሆናል? ከአራት ኪሎ።»

ወንድሜ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሱ አዎ ነው። ለሁለተኛው አይሆንም። ከሰሉን ከመግዛታችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የብረት ማዕድን ማለት፣ ነገሩን ስናቀለው፣ ዝገት ነው። ብረት ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ሄማታይት የሚባለው ቀዩ ማዕድን ንፁህ ከሆነ ከመቶው 70 እጅ ብረት ነው። ጥቁሩና ማግኔት የሚስበው ማግኔታይት 72 ይደርሳል። ቀሪው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማቅለጥ አይደለም፣ ኦክስጅኑን መንጠቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ላይ ነው፤ ያንን ሙቀት በጭቃ ምድጃ አገኛለሁ ብለህ ከተነሳህ ከሰልህንም ልብህንም ትጨርሳለህ። ኦክስጅኑ ግን ከ1,000 ዲግሪ በታችም ብረቱን መልቀቅ ይጀምራል።

የሚነጥቀው ማነው? ጋዝ ነው። ከሰል በደንብ ነድዶ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል። ይህ ጋዝ ኦክስጅን የተራበ ነው። በምድጃው ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ከላይ እየወረደ ያለውን ማዕድን ያገኘዋል፣ ኦክስጅኑን ይወስድበትና በጭስ መልክ ይዞት ይሄዳል። ብረቱ ጠጣር እንደሆነ፣ ፍርፋሪው እርስ በርሱ እየተጣበቀ ከአየር ማስገቢያው ሥር ይከማቻል። የድንጋዩ ቆሻሻ ደግሞ 1,200 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ እንደ ወፍራም ሽሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዝቃጭ የምንለው እሱን ነው። መጨረሻ ላይ የምታወጣው ነገር ዓይኑ እንደበዛ እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ስፖንጅ ብረት ይሉታል። ሰው ለሺህ ዓመታት ብረት ሲያወጣ የኖረው በአብዛኛው እንዲህ ነው፣ በሀገራችንም ጭምር። ደቡብ ኦሞ ያሉት ዲሜዎች ይህን ሥራ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይሠሩት ስለነበር ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው አይተው ጽፈውታል።

ብላስት ፈርነስ ሌላ ዓለም ነው። እንደ ፎቅ ቤት ረጅም ነው፣ የጋለ አየር ይነፋበታል፣ አንዴ ከተለኮሰ ለዓመታት አይጠፋም። እዚያ ውስጥ ብረቱ ካርቦን በብዛት ስለሚጠጣ፣ ከመቶ እስከ 4 እጅ ድረስ፣ የመቅለጫው ነጥብ ወርዶ 1,150 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። በዚህ ምክንያት እንደ ውሃ ይፈሳል። ግን ያ የፈሰሰው ብረት መካኒኮች ጊዛ የሚሉት ዓይነት ነው፤ በመዶሻ ስትመታው ይሰበራል። ብረት አድርጎ ለመቀጥቀጥ ካርቦኑን እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል። የጭቃ ምድጃው ግን ገና ከመጀመሪያው የሚቀጠቀጥ ብረት ነው የሚሰጥህ።

አሁን ወደ አፈርህ። ቀይ ያደረገው የብረት ዝገት መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ አብሮት ያለው ነው። አፈርህ በአብዛኛው ሸክላ ነው፣ ሸክላ ደግሞ ሲሊካ አለበት፣ አሸዋ የተሠራበት ያው ነገር። በጭቃ ምድጃ ውስጥ ሲሊካው የሚቀልጠው ብረት አብሮት ሲቀልጥ ብቻ ነው። በነፃ አይወጣልህም፣ ብረት ያስከፍልሃል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ኪሎ ሲሊካ ይዞት የሚሄደው ብረት ወደ 1.9 ኪሎ ይጠጋል።

በል አስላው። 20 ኪሎ ጥሩ ማዕድን አለህ እንበል፣ ከመቶው 60 ብረት፣ 10 ሲሊካ። ብረቱ 12 ኪሎ፣ ሲሊካው 2 ኪሎ መሆኑ ነው። ሁለቱ ኪሎ 3.7 ኪሎ ብረት ይበላል። ቢበዛ 8.3 ኪሎ ቀረህ፣ እሱም ሁሉ ነገር ከሰመረ ነው። አሁን ደግሞ ሲሊካው ከብረቱ በሚበልጥበት አፈር አስላው። ዜሮ። ምንም አይቀርም። የሰፈርህን አፈር በሙሉ ብታቃጥለው ጥቁር ጠርሙስ የመሰለ ዝቃጭ እንጂ ሚስማር የሚሆን ብረት አታገኝም። ብላስት ፈርነስ ከዚህ ዕዳ የሚያመልጠው የኖራ ድንጋይ ስለሚጨመርበት ነው፤ ኖራው በብረቱ ፋንታ ሲሊካውን ይይዘዋል። ለዚያ ግን ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል።

ድንጋይ ካገኘህ እንዴት ትለየዋለህ? ላቦራቶሪ አያስፈልግህም። ሚዛንና የውሃ ጆግ ይበቃሃል። አንድ ኪሎ ድንጋይ መዝነህ እስከ አፉ የሞላ ጆግ ውስጥ ክተትና የፈሰሰውን ውሃ ለካ። ተራ ድንጋይ ከሆነ 370 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይፈሳል። 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ከፈሰሰ ድንጋዩ ከባድ ነው፣ ያኔ መነጋገር እንችላለን።

ግን ቀይ አፈርህን አትጣለው! ብረት ባይሆንም ምድጃ ይሆናል። ጭቃ ቤት ሲመረግ እንደሚደረገው ከጭድ ጋር አቡካው፣ ጥቂት አሸዋ ጨምርበት። ቁመቱ አንድ ሜትር አካባቢ፣ የውስጡ ስፋት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ግድግዳው ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያነሰ ይሁን። ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የሸክላ ቱቦ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይግባ፣ አየሩ የሚነፋው በእሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ ዝቃጩ የሚፈስበት በር ተውለት፣ ሲያስፈልግ ተከፍቶ በጭቃ የሚደፈን። በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ምድጃ ሲለኮስ ይፈነዳል። ክረምት ላይ ከሆነ ነገሩን ለጥቅምት አቆየው።

ማዕድኑንስ ከየት? የእኔ ምክር ምናልሽ ተራ ሂድ ነው። ብረት ቀጥቃጮቹ የጋለ ብረት ሲመቱ የሚረግፍ ጥቁር ቅርፊት አለ፣ ከመስፉ ሥር ተጠርጎ የሚጣል። ከ70 በመቶ በላይ ብረት ነው። ከዚያ የተሻለ ማዕድን በዚህ ከተማ አላውቅም። ዝቃጭ እንዲፈጠር ብቻ ትንሽ አሸዋ ጣል አድርግበት፤ ሲሊካ ጠላት ነው ብዬ እንደገና አሸዋ ጨምር ማለቴ ያስቃል፣ ግን ቀልጦ ብረቱን የሚሸፍነው ነገር ከሌለ የተነፋው አየር መልሶ ያነደዋል። ሌላው አማራጭ የድሮ ስፒከር ማግኔት በፌስታል ጠቅልሎ የግንባታ አሸዋ ክምር ውስጥ መጎተት ነው። ጥቁር ዱቄት ይለጠፍበታል፣ ማግኔታይት ያለበት አሸዋ ነው። ጃፓኖች የሰይፍ ብረታቸውን የሚያወጡት ከዚህ ዓይነት ጥቁር አሸዋ ነው፣ ታታራ በሚሉት የሸክላ ምድጃ፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳያቋርጡ፣ መጨረሻ ላይ ምድጃውን አፍርሰው። የእኛ አሸዋ ግን ቲታኒየም ሊኖርበት ይችላል፣ እሱ ዝቃጩን ያወፍረዋል። ማግኔት መጎተት ለእጅ ስፖርት ጥሩ ነው እንጂ 20 ኪሎ ለመሙላት አይመከርም።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ በእንጨት ለአንድ ሁለት ሰዓት ምድጃውን አሙቅ። ቀጥሎ እስከ አፉ ከሰል ሙላ፣ የሎሚ ግማሽ አክሎ የተሰበረ። ሲወርድ ማዕድንና ከሰል በእኩል ክብደት፣ በየአሥር ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጨምር። ቅርፊቱ እንዳለ ይገባል። ድንጋይ ከሆነ ግን ቀድሞ በእሳት መቆላትና ከሽምብራ እስከ ባቄላ አክሎ መሰበር አለበት። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ለ20 ኪሎ ማዕድን ማሞቂያውን ጨምሮ 40 ኪሎ ገደማ ከሰል አስብ። የጆንያውን ዋጋ ታውቀዋለህ፣ እኔ ምን ልበልህ።

አየሩን አትናቀው። ይቺ ከተማ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየራችን በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቆላ የተሠራ ቪዲዮ አይተህ በዚያው ልክ ብትነፋ ምድጃህ ይቀዘቅዛል። ጨምረህ ንፋ።

የራሴን ልንገርህ፣ እንዳትስቅ። የዛሬ ሰባት ዓመት ሰባራ ባቡር አካባቢ አንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ ሞከርነው። ወናፍ ስላልነበረን የባለቤቱን ፀጉር ማድረቂያ ቱቦው ላይ ገጠምን። ሦስት ሰዓት ያህል ግሩም ነደደ። ከዚያ መብራት ሄደ። ጄኔሬተር የለም፣ ተለዋጭ ወናፍ የለም። እንደ እብድ በካርቶን ብናራግብም ምድጃው ውስጥ ያለው ሁሉ ረጋ። በማግሥቱ በዲጂኖ ሰብረን ስናወጣው ከሰል የተሰካበት ጥቁር ዝቃጭና ሎሚ የሚያክል ማግኔት የሚይዝ ጉብታ አገኘን። ጉብታውን አግለን ብንመታው እንደ ብስኩት ፈረሰ። በኋላ ሳስበው ጥፋቱን ሁሉ በመብራቱ ማላከክ አይቻልም፤ ማዕድን ብለን የከተትነው ከመንገድ ዳር የለቀምነው ቀላ ያለ ድንጋይ ነበር። አንተ አሁን ልትሠራው ያሰብከውን ስህተት እኔ በከሰልም በፀጉር ማድረቂያም ከፍዬበታለሁ። ማድረቂያው አልተረፈም።

ቢሳካላችሁ ደግሞ ሥራው እዚያ አያልቅም። ስፖንጁን ገና እንደጋለ አውጥታችሁ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላችሁ ጨፍልቁት፣ ዝቃጩ እንዲፈስለት። ከዚያ ማጋል፣ መቀጥቀጥ፣ ማጠፍ፣ እንደገና ማጋል። ክብደቱ ግማሽ ያህል ቢቀንስ አትደንግጡ። እና መሀል ከተማ አታድርጉት። ከቤት የራቀ ገላጣ ቦታ ፈልጉ። ለምን እንደሆነ የሚቀጥለው ደብዳቤ ይነግራችኋል።

«እንደምን አለህ ልጄ። የከሰል ጆንያዬ በሳምንት ውስጥ ጎደለ። ብጠይቀው ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ብረት ልናወጣ ነው ይለኛል። ዝናብ ስላለ ማዕድ ቤት ውስጥ እንሞክረው እያለ ነው። እሳቱ እንኳ ትንሽ ነው ይላል። ምን ትመክረኛለህ? ከአራት ኪሎ።»

የሰፈሩን ስም ሳይ ሳቄ መጣ። እናቴ፣ ልጅዎ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ጆንያውን ይቆልፉበት።

ከቀልዱ እንውጣ። ማዕድ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም። በር ቢከፈትም አይሆንም። ከላይ እንደጻፍኩት ብረቱን ከድንጋዩ የሚያላቅቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ምድጃውም የሚሠራው ያንን ጋዝ በብዛት እንዲያመርት ተብሎ ነው። በየክረምቱ ሰው ከሰል ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ የሚቀርበት ጋዝ ራሱ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰው ብርድ የመታው ይመስለዋል፣ ይተኛል፣ አይነሳም። ደጅ ላይ ሲሠራም ቢሆን ከምድጃው አፍ የሚወጣው ጋዝ ተለኩሶ በሰማያዊ ነበልባል መንደድ አለበት፣ ማንም ደግሞ ከላዩ አጎንብሶ አያይም። ልጁን ግን አይቆጡት። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስብ ልጅ ስንት አለ?

«ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ ወደ ቸርችል ስወርድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን መድፍ አያለሁ። አፄ ቴዎድሮስ ያንን የሚያህል መድፍ ካስፈሰሱ ብረት ማቅለጥ ተችሎ ነበር ማለት ነው? ታዲያ ዕውቀቱ የት ገባ?»

መምህር፣ ሴባስቶፖል ብረት አይደለም፣ ነሐስ ነው። እርስዎ የሚያዩት ምስሉ ነው፤ ዋናው መቅደላ ቀርቷል፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። የፈሰሰው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው፣ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን ባለሙያዎችና በእኛው ሰዎች እጅ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከማለፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ልዩነቱ ያው የሙቀት ነገር ነው። መዳብ 1,085 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን ሲቀላቀለውና ነሐስ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህ በጥሩ ምድጃና በጠንካራ ወናፍ ይደረሳል። ብረትን እንደዚያ ማፍሰስ ግን ብላስት ፈርነስ ወይም የእሱን ያህል ሙቀት ይጠይቃል። የእኛ ቀጥቃጮች ብረት ያውቁ ነበር፣ የሚያውቁት ግን ሳይቀልጥ የሚወጣውን ነው። ማረሻና ጦር ያንን ስፖንጅ በመቀጥቀጥ ይሠራል። መድፍ አይሠራም። ስለዚህ ዕውቀቱ የትም አልገባም፣ ሌላ ዕውቀት ነበር።

ብረት በአካባቢያችን ስንት ዘመኑ ነው ብለው ቢጠይቁኝ ደግሞ፣ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር በነበሩት ኖባዎች ላይ ስለ ዘመቱበት ባስጻፉት የድንጋይ ጽሑፍ ከማረኩት መካከል እህልና ብረት ይጠቀሳል። እዚያው ሱዳን ውስጥ በጥንቷ መርዌ ከተማ ዳር ዛሬም ኮረብታ የሚያካክል የብረት ዝቃጭ ክምር አለ። አዲስ አበባ ቢሆን ይሄኔ ኮንዶሚኒየም ነበር።

«የአምስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ኢትዮጵያ ብላስት ፈርነስ ሳትገነባ ከራሷ ማዕድን ብረት ማምረት ትችላለች? ወይስ ሁሌም ፌሮ ከውጭ?»

ፌሮው እንኳ እዚህም ይሠራል። አብዛኞቹ ፋብሪካዎቻችን ግን ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ያቀልጣሉ፣ ወይም ገና ፌሮ ያልሆነ ወፍራም ብረት ከውጭ አስመጥተው በማሽን አቅጥነው ፌሮ ያደርጉታል። በየሰፈሩ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ልጅ በዚህ ሒሳብ የማዕድን ሠራተኛ ነው፣ የአንተ አሮጌ አልጋ ደግሞ ማዕድን ማውጫው።

ከማዕድን ያለ ብላስት ፈርነስ ማምረትን በተመለከተ፣ ዓለም በዚህ መንገድ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ያመርታል። ስሙ ያው ስፖንጅ ብረት ነው። የጭቃው ምድጃ የልጅ ልጅ በለው። ሜክሲኮዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ሞንቴሬ ላይ በተፈጥሮ ጋዝ ጀመሩት፣ አሜሪካኖች በ1969 ፖርትላንድ፣ ኦሬገን ላይ ሚድሬክስ የሚባለውን ዓይነት ተከሉ። ሕንዶች በድንጋይ ከሰል እየተንከባለለ በሚዞር ረጅም ሲሊንደር ውስጥ ይሠሩታል፣ በዓለም አንደኛ አምራችም እነሱ ናቸው። ስዊድን ውስጥ ሉሌዮ ከተማ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በሃይድሮጅን የተሠራ ስፖንጅ ብረት አወጡ። ሃይድሮጅኑ ኦክስጅኑን ነጥቆ ውሃ ይሆናል፣ የሚወጣው እንፋሎት ነው።

ማዕድንም አለን፣ ጊምቢ አጠገብ ቢቂላል፣ ሰቆጣ አካባቢም እንዲሁ። ችግሩ አሁንም የአራት ኪሎው ልጅ ችግር ነው። በዚህ መንገድ ማዕድኑ ስለማይቀልጥ ቆሻሻው ከብረቱ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ገዢዎች ከመቶው 67 አካባቢ ብረት ያለው የተጣራ ማዕድን ይፈልጋሉ። የቢቂላሉ ቲታኒየምና ፎስፈረስ አብሮት አለ። ፎስፈረስ ብረቱን በብርድ ጊዜ ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ስለዚህ መፍጨትና መለየት የግድ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ትልቁ ወጪ እዚያ ነው፣ ምድጃው ላይ አይደለም።

ኃይሉን ደግሞ አስላው። ለአንድ ቶን ብረት 54 ኪሎ ሃይድሮጅን ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት ወደ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ለቶኑ 2,700። በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ብትል ሌት ተቀን 310 ሜጋ ዋት ገደማ ለሃይድሮጅኑ ብቻ ነው። የሕዳሴው ግድብ ተርባይኖች አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። አይቻልም አይባልም። የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝም እንደ ሜክሲኮዎቹ መንገድ ሊሆን ይችላል። ግን መብራት በሄደ ቁጥር የሚቆም ምድጃ እንዳይሆን። በዚህ በኩል ከእኔ የበለጠ የቆሰለ የለም።

«ጤፍ ብረት አለው የሚባለው እውነት ነው? አጭር መልስ ብቻ። ከካዛንቺስ።»

አለው። በላብራቶሪ ከሚገኘው ውስጥ ግን አንዳንዱ አውድማ ላይ የተቀላቀለው አፈር ነው፣ ያ ደግሞ ለሰውነት ብዙም አይጠቅምም። አጠር አደረግኩልሽ?

የመጨረሻው ደብዳቤ ከምናልሽ ተራ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፣ ባለቤቱ ይቅር በለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ቀጥቃጭ ነኝ። ከባሌስትራ ቢላዋ፣ መጥረቢያና ዶማ እሠራለሁ። አያቴ ሀገር ቤት ሳሉ ብረቱን ራሳቸው ከድንጋይ ያወጡ ነበር ይባላል። አባቴ አላየም፣ እኔም አላየሁ። ሰው ‹ጠይብ› እያለ ስለሚሰድባቸው ለልጆቻቸው አላስተማሩም ይላሉ። ከእሳቸው የቀረን ነገር ቢኖር አንድ ጥቁር ከባድ ድንጋይ ነው፣ እናቴ በር እንዳይዘጋ ታስደግፈዋለች። ያንን ሥራ ዛሬ ብመልሰው ያዋጣኛል?»

አያዋጣህም። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም። አንድ ባሌስትራ ተጣርቶ፣ ተመጥኖ፣ ካርቦኑ ልክ ሆኖ የተሠራ ብረት ነው፤ ቢላዋህ ስለት የሚይዘው በእሱ ምክንያት ነው። ከጭቃ ምድጃ የሚወጣው አንዱ ጎኑ ለስላሳ፣ አንዱ ጎኑ ጠንካራ ነው፣ በእጅ እየለየህ ልትቀጥል ነው። ለአንድ ዶማ የሚሆን ብረት አንድ ሁለት ጆንያ ከሰል ይበላል፣ ከሰል ደግሞ ዛፍ ነው። ሥራውን የገደለው ስድቡ ብቻ አልነበረም። ከውጭ በመርከብ የመጣው ርካሽ ብረት በየሀገሩ የጭቃ ምድጃን አጥፍቷል።

ስድቡ ግን ድርሻ የለውም አልልህም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሸማኔ እያለ የሚሳደብ ሰው የሰደበው እኔን ነው የሚል ነው ሐሳቡ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎም ደብዳቤህ ውስጥ ቃሉን በጥቅስ ምልክት አስገብተህ ስትጽፈው አየሁ።

ለትምህርት ከሆነ ግን አድርገው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ወናፍ አለህ፣ መስፍ አለህ፣ ጉጠት አለህ፣ እሳት ታውቃለህ። ከላይ የጻፈው የአራት ኪሎ ልጅ የሌለው ነገር ሁሉ አንተ ጋ አለ። እሱ ጉልበትና ሦስት ጓደኛ አለው። ቅርፊቱን ካልጣልከው ሊለምንህ ይመጣል፣ አትመልሰው።

ያ በር የሚያስደግፈው ድንጋይ ግን አሳሰበኝ። እናትህን አስፈቅደህ ገልብጠህ እየው። ላዩ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ የፈሰሰ ነገር ተጠማዞ የረጋበት ምልክት ካለው፣ ከመጠኑ በላይ ከከበደ፣ ማግኔት ስታስጠጋበት ደከም አድርጎ ከሳበ፣ ድንጋይ አይደለም። የአያትህ ምድጃ ዝቃጭ ነው፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አሁንም ብረት ነው። ትንሽ ጠርዙን ስበርና ውስጡን ተመልከት። የከሰል ቁራጭ ተቀብሮበት ካገኘህ ጻፍልኝ፣ ከምን እንጨት እንደከሰሉት ማወቅ ይቻላል።